የባፈና ቋጠሮ

በቴሌቪዥን ድራማ እግሩ የተሰበረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን። በአንዱ ክፍል ይወድቃል፤ በሚቀጥለው ነጭ አንሶላ ላይ ተጋድሞ ይታያል። የተሰበረው እግሩ ነው፤ ፋሻው ግን ግንባሩ ላይ ነው። እጮኛው እጁን ይዛ ታለቅሳለች፣ ማስታወቂያ ይገባል፣ ከማስታወቂያው ስንመለስ ሰውየው የገዛ ሰርጉ ላይ ይጨፍራል። በተኛሁበት የሆስፒታል ክፍል ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ስለነበር ይህንን ሳልወድ በግድ አይቻለሁ። እንዲዘጉልኝ ብለምን የሰማኝ የለም። እጅ እግሩ የተሰባበረ ሕዝብ አፉን ከፍቶ የሰውየውን ጭፈራ ያያል። የማናችንም አንሶላ ነጭ አልነበረም።

የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። ልብ ወለድ የመዋሸት ፈቃድ አይደለም እያልኩ አርባ ምንጭ ውስጥ ስጮህ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የራሴን እንደሆነው እነግራለሁ፤ የሚያስቀይም ነገር ካለው ያስቀይም።

ታናሽ ወንድሜ ክንፉ ሞተር ይነዳል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከጨንቻ ቁልቁል ስንወርድ፣ ከዶርዜ በታች ሐይቆቹ ወለል ብለው የሚታዩበት ጠመዝማዛ ላይ የኋላ ጎማው ተንሸራተተ። ክንፉ መዳፉ ተላጠ። እኔን ሞተሩ ግራ እግሬ ላይ ወደቀብኝ። ድምፁን አልረሳውም፤ ሸንኮራ በጉልበት ሲሰበር የሚሰማው ነው። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም። ቀድሞ የመጣው ሐፍረት ነበር፤ ሱሪዬ ላይ ሸንቼ ነበር። ይህንን በድራማ አያሳዩም።

ሆስፒታል ራጅ ተነሣሁ፣ ጄሶ ተደረገልኝ፣ ተመልሰህ ና ተባልኩ። አጥንቱ ቆዳዬን አልቀደደም፤ በወጉ ቢያዝ የሚድን ስብራት ነበር። ቤት ስደርስ እናቴ ጄሶውን በጥፍሯ ቆርቆር አደረገችና "ይሄ አጥንት ያሰንፋል" አለች። በማግስቱ ወንድሟ ባፈና ከዶርዜ ተጠርቶ መጣ።

ጋሽ ባፈና ቤት ሠሪ ነው። የዶርዜን ቤት ያየ ያውቃል፤ ምስማር የለውም። ቀርከሃ ተሰንጥቆ፣ እርስ በርሱ ተጠላልፎና ተጠፍሮ ነው እንደዚያ ተመዞ የሚቆመው። አጥንትም ይጠግናል። ለእሱ ሁለቱ አንድ ሙያ ናቸው። ጄሶዬን በቢላ ቀደደ፣ ስብራቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ ገጠመው። እጁ ጎበዝ ነው፤ አልክድም። ከዚያ እግሬን በቀርከሃ ስንጥር ከበበና በቃጫ አሰረው። ከጉልበቴ በታች፣ ባቴ ላይ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ። እያንዳንዱን ቋጠሮ ሲያጠብቅ የራሱን እግር አልጋው ጠርዝ ላይ ተክሎ ይስብ ነበር።

"ጠበቀ፣ ጋሼ።"

"የላላ ቤት ነፋስ ይወስደዋል።"

"ጣቶቼ ደነዘዙ እኮ።"

"መያዙ ነው። ቀርከሃም ሲታሰር ይጮሃል፤ ከዚያ ይለምዳል።"

የጀመረውን የሰው ቤት ሊጨርስ ወደ ዶርዜ ተመለሰ። ሲሄድ ደንቡን ለእናቴ አሳሰባት፤ ባያሳስባትም ታውቀው ነበር። ወጌሻ ያሰረውን የሚፈታው ያው ያሰረው እጅ ነው። ሌላ ሰው ከነካው አጥንቱ ቂም ይይዛል ይባላል።

እግሬ አበጠ። ቃጫው ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ጣቶቼ መጀመሪያ ቀዘቀዙ፣ ቀጥሎ ጠቆሩ፤ ቆዳው ውሃ ቋጠረና ፈነዳ። ሽታው ሲመጣ እናቴ ጓሮ ወጥታ የበሰበሰ ሙዝ ፈለገች፤ እውነቴን ነው፣ ቅጠሉን እየገለጠች ፈለገች። ክንፉ ቢላ ይዞ አልጋዬ አጠገብ ይቆማል፣ እናቴ እጁን ትይዛለች፣ "ያሰረው ይምጣ" ትላለች። ያሰረው ጣሪያ ላይ ነው። እኔ ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ከሥሩ ተኝቻለሁ፤ እኔም "ይምጣ" አልኩ። በመጨረሻ ክንፉ ማንንም ሳያማክር ተሸክሞ ሆስፒታል አስገባኝ። ሐኪሙ እግሬን አየ፣ አየና መነጽሩን አውልቆ በጋውኑ ጠረገ። ከዚያ በማደንዘዣ አስተኙኝ፣ ማሰሪያውን በመቀስ ቆረጡት፣ እግሬን ከጉልበቴ በታች ቆረጡት።

እግሬ ሄደ፤ ማሰሪያው ግን ቀረ።

ይህንን ለጤነኛ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ባቴ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ቃጫው ይጠብቃል። ጣቶቼ ወደ ውስጥ ታጥፈው ተጨብጠዋል፤ ልዘረጋቸው እሞክራለሁ፣ የሚዘረጋ ነገር የለም፣ ሕመሙ ግን አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንቀላፍቼ ሳለ በር ተንኳኳ። እግር እንደሌለኝ ረስቼ በግራዬ ተነሣሁ፤ በጉማጁ ሲሚንቶው ላይ አረፍኩ። ስፌቱ ተከፈተ። የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ፤ ሊጸልዩልኝ መጥተው ደሜን ጠርገው ሄዱ።

"ጌታ ይመስገን፣ ነፍስህ ተርፋለች" አለኝ አንዱ።

"ነፍሴን ማን ነካት? ያጣሁት እግሬን ነው" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ምሥክርነት እንድሰጥ የጠየቀኝ የለም።

ቁስሉ ደረቀ፣ ሰው ሠራሽ እግር ተገጠመልኝ። እሱም ጉድ አለው። በአርባ ምንጭ ሙቀት ላቡ ውስጡ ይጠራቀማል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ጠዋት የገባው እግር ከሰዓት አልገባም ይላል። ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። የማይቻለው ማሰሪያው ነው። መተኛት አልቻልኩም። ክፍል ገብቼ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጀምር ቃጫው ይጠብቃል፤ ጠረጴዛ ይዤ እቆማለሁ፤ ተማሪዎቼ ዓይናቸውን ወደ ደብተራቸው ይሰብራሉ። ርዕሰ መምህሩ በትሕትና "እስኪሻልህ ዕረፍ" አለኝ። እስኪሻልህ። ካልተፈታልኝ ወደ ክፍሌ እንደማልመለስ ሁለታችንም ገብቶናል።

ፊዚዮቴራፒስቷ ዕድላዊት ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ቀኝ እግሬንና ጉማጄን አዘርግታ በመካከላቸው መስታወት አቆመች፤ ቀኝ እግሬ በመስታወቱ ውስጥ ግራ ሆኖ ታየኝ። ሙሉ፣ ጥፍሩ ያደገ እግር።

"ቀኝህን ክፈትና ዝጋ። ዓይንህ ግን ከመስታወቱ እንዳይነሣ" አለችኝ።

ጣቶቼን ዘረጋሁ። በመስታወቱ ውስጥ ግራዬ ተዘረጋ። ቃጫው ላላ። እንደ ሞኝ አለቀስኩ። መስታወቱን ስታነሣው መልሶ ጠበቀ።

"ነርቩ የሚያውቀው የመጨረሻውን መልእክት ነው" አለች። "የመጨረሻው መልእክት ታስሬአለሁ የሚል ነው። የተፈታበትን አላየም።"

"እኔም አላየሁም። አስተኝተው ነው የፈቱኝ።"

"እንግዲህ ቀስ እያልን እናሳየዋለን። በየቀኑ ሥራው። ቶሎ ይለቅሃል ብዬ ግን አልዋሽህም።"

ይህቺን ልጅ ወደድኳት።

አንድ እሑድ ቤት ውስጥ መስታወቱን ይዤ ስሠራ ክንፉ ከበሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ከአደጋው በኋላ ሞተሩን ሸጦታል። እኔ ባለሁበት ክፍል አይቀመጥም፤ ሁልጊዜ በር ላይ ነው። የተቆረጠውን እግሬን ከሆስፒታል ተቀብሎ ዶርዜ ወስዶ ያስቀበረ እሱ ነው። በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ በሚኒባስ ነው የወሰደው። ረዳቱ "ምንድን ነው የጫንከው?" ሲለው "ወንድሜን" ብሎ መለሰለት፤ ረዳቱ ሳቀ። ይህንን ነግሮኝ ነበር። ያልነገረኝ ሌላ ነው።

"አሁንም የታሰረ ይመስልሃል?" አለኝ።

"አይመስለኝም። ታስሯል።"

መሬት መሬቱን እያየ፣ "ጋሽ ባፈና አስሮ ነው የቀበረው" አለ።

"ምኑን?"

"እግርህን። ጓሮ አስቀምጦ መልሶ ገጠመው። አዲስ ቀርከሃ ሰነጠቀ። ከላይ እስከ ታች አስሮት፣ በነጭ ጋቢ ጠቅልሎ፣ ከአባታችን መቃብር ግርጌ ቀበረው። ልከለክለው ነበር፤ ሲያለቅስ ጊዜ ተውኩት።"

በአጉል እምነት ላይ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ። ሰው የተቀበረ እግሩ ቢታሰር ባይታሰር ምን እንደሚሰማው፣ ምንም እንደማይሰማው፣ አሳምሬ አውቃለሁ። ይህንን እያወቅኩ ቃጫው ጠበቀ። ዕድላዊት የነገረችኝ ሁሉ ከራሴ ወጥቶ ሄደ።

"ነገ ዶርዜ እንወጣለን" አልኩት። "ያሰረው ይፈታዋል።"

ሚኒባሱ ያንን ጠመዝማዛ ሲዞር ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ክንፉም ጨፍኖ ነበር። ላይ ስንደርስ ጉም ወርዷል። ብርድ ለጉማጅ ጠላት ነው፤ አጥንቱ ጫፍ ላይ ጥርስ ያለው ነገር የተቀመጠ ይመስላል። የባፈና ግቢ እንሰቱ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ አንድ ጎልማሳ ክንዱን ታቅፎ ተቀምጧል፤ ቀኝ ክንዱ ከክርኑ እስከ አንጓው በቀርከሃ ታስሯል። ዘመድኩን የሚባል ሸማኔ ነው። ከግንብ ላይ ወድቆ ጠዋት ነው የታሰረው። አመመኝ ብሎ ተመልሶ ቢመጣ ባፈና "ቻለው" ብሎታል። ይህን ሁሉ ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ የታመመ ሰው ወሬ ይወዳል።

ባፈና ከቤቱ ጎንበስ ብሎ ወጣ። ከተቆረጥኩ ወዲህ አልተያየንም። አርጅቷል። ሊስመኝ መጣ፤ እጄን ዘረጋሁና አስቆምኩት። በጋሞኛ ነው የተነጋገርነው።

"መምህር፣ ልጄ፣ ቆመህ አየሁህ። ጌታ ይባረክ።"

"እንጨት ላይ ነው የቆምኩት። ለምን አስረህ ቀበርከው?"

ክንፉን አየው። ክንፉ ወደ ጉሙ ዞረ።

"ተሰብሮ ይቀበር?" አለ ባፈና። "መለከት ሲነፋ ሌላው ብድግ ብሎ ሲሮጥ አንተ እያነከስክ ልትሄድ? ሲመጣልኝ ማሰሪያው አልነበረም፣ ቆራርጠው ጥለውት ነው የሰጡን። ገጠምኩት። እንደዚያ አድርጌ ገጥሜ አላውቅም። ቀጥ አለ።"

"ቀጥ አለ።"

"እንደ ምሰሶ።"

ይህ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ብዙ ልናገረው አስቤ ነበር፤ በመንገድ ላይ ቃላቱን ስስል ነው የመጣሁት። ያልኩት ግን "ፍታው" ብቻ ነው። "አልተኛሁም። አላስተማርኩም። አንተ ካልሆንክ ማንም አይፈታውም ያልከው አንተ ነህ። ቆፍረህ አውጣና ፍታው።"

አልተከራከረኝም። ቢከራከረኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ዶማውን ከግድግዳው ላይ አንሥቶ ወደ መቃብሩ መራመድ ጀመረ። እኔም ልከተለው ስል ሸማኔው ያዘኝ፤ ባልታሰረው እጁ ኮቴን ነው የያዘው።

"መምህር፣ ያንተም ጣት ሲታሰር እንዲህ ሆኖ ነበር?"

ጣቶቹን አየሁ። አብጠዋል፤ እንደ ጉበት ጠቁረዋል። የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭኜ ለቀቅኩት። ቀለሙ አልተመለሰም። ዕድላዊት ደም መድረሱን ለማየት የእኔን ጥፍር ሁልጊዜ እንደዚያ ታደርጋለች። አመልካች ጣቱን ቀስ አድርጌ ልዘረጋ ስሞክር በሕመም ከአግዳሚው ብድግ አለ።

"ስነካህ ይሰማሃል?"

"ጫፉ አይሰማኝም። መያዙ ነው ብሎኛል።"

"ባፈና" ብዬ ጠራሁ። ጋሼ ማለት ረሳሁ። "ተመለስ። ይሄን ፍታ።"

ተመልሶ መጣ፤ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ገና ነው። አሁን ከተፈታ ይጣመማል። ሸማኔ ነው፤ በተጣመመ እጅ ምን ይሠራል?"

"በሌለ እጅስ?"

ከኪሴ ቢላዬን አወጣሁ። ዘመድኩን ክንዱን ከኋላው ደበቀ። "አንተ አትንካኝ" አለ። "ያሰረው ይፍታው። አጥንቴን አታስቀይምብኝ።"

የማየው ሰው እኔ ነበርኩ። ያው አልጋ፣ ያው ቢላ የያዘ ክንፉ፣ ያው "ይምጣ"። ቢላውን አስቀመጥኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩ፣ ማሰሪያውን ፈታሁ፣ ሰው ሠራሹን እግር አውልቄ ጭቃው ላይ አቆምኩት። ካልሲውን አወለቅኩ። ጉማጄን ወደ ባፈና ዘረጋሁት።

አይቶት አያውቅም ነበር። የቀበረውን እግር አይቷል፤ የተረፈውን ግን አላየም። ስፌቱ ተከፍቶ የተዘጋበት ቦታ እንደ ተጨማደደ ከረጢት አፍ ነው፤ ጠዋት የተላጠው ደግሞ ገና ይደማል። ባፈና ዶማውን ጣለ። እጁን ሊዘረጋ ፈልጎ መለሰው።

"ይሄንን ቀጥ አድርገህ ግጠመው" አልኩት።

ባፈና ዘመድኩን አጠገብ ተንበረከከና ክንዱን ተቀበለ። ቋጠሮው ግን በክንዱ እብጠት ውስጥ ሰጥሟል፤ ጣቶቹ ሊይዙት አልቻሉም። ያሰረው እሱ ነው፤ እሱም ሊፈታው አልቻለም። "ቢላ" አላለም። ጎንበስ ብሎ በጥርሱ ያዘው። ከሽማግሌ አፍ የቀሩት ጥርሶች ቃጫውን ነክሰው ሲጎትቱ ይሰማኝ ነበር። አንዱ ተፈታ። ሁለተኛው ሲፈታ ስንጥሮቹ ረገፉ፤ ደሙ ተመለሰ፤ ዘመድኩን በሬ ሲታረድ እንደሚጮኸው ጮኸ። ከማሰሩ መፍታቱ ነው የሚብሰው። ይህንንም በድራማ አያሳዩም።

ድራማ ብጽፍ ኖሮ የእኔም እግር እዚያ ላይ ይፈታ ነበር። አልተፈታም። እንዲያውም ጠበቀ።

ክንፉ ሸማኔውን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ሚኒባስ ሊፈልግ ወጣ፤ ሸማኔው ዛሬውኑ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ባፈና ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገና ዶማውን አነሣ።

"ተወው" አልኩት።

"አወጣዋለሁ።"

"ተወው፣ ጋሼ። ቀጥ ብሏል አላልክም? ይቀመጥ።" ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሚወጣውን ፈርቼም ሊሆን ይችላል።

ዶማውን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ አስቀመጠው፤ መጥቶ ከፊቴ ጭቃው ላይ ተቀመጠ፣ ጉማጄ ከሚያበቃበት በታች፣ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ ሁለት እጁን አቀረበ።

"የት ላይ ነው?"

"ምን ታደርጋለህ?"

"የት ላይ ነው የሚጠብቅህ?"

መንገር አላስፈለገኝም። እሱ ነው ያሰረው። ከጉልበቴ በታች ያለውን አየር በጣቶቹ ዳሰሰ፣ ቋጠሮውን አገኘው፣ ቀስ ብሎ ፈታው፤ ገመዱን ዙሪያውን እያዞረ አወጣ። ወደ ባቴ ወረደ። ወደ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ። ዓይኔ እጁን ተከትሎ ይወርዳል። እጁ አንድም ቦታ አልሳተም። እግሬ ከነውፍረቱ በመዳፎቹ መካከል ነበር፤ ያቺ እያንዳንዷ ቦታ፣ እኔና እሱ ብቻ የምናውቃት። ጣቶቼ ተዘረጉ። ብርዱ በጣቶቼ መካከል ሲያልፍ ተሰማኝ፤ ከተቆረጥኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ያለ መስታወት። ይህ ደግሞ በጣም አናደደኝ። ይቅር ልለው አልመጣሁም ነበር፤ አሁንም ይቅር አላልኩትም።

"ከዛሬ ወዲያ ሰው አታስር" አልኩት።

"ቤትስ?"

"ቤት እሰር።"

ሚኒባሱ ውስጥ ዘመድኩንን በእኔና በክንፉ መካከል አስቀመጥነው። ፊቱን ላብ አጥምቆታል። ጣቶቹ ላይ ቀይ ቦታ ታይቷል፤ አንዷ ትንሿ ጣቱ ግን አሁንም ጠቁራለች። ላቡን በጋቢው ጫፍ እየጠረገለት ክንፉ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ በር ላይ አልቆመም።

"መምህር፣ እጄ ይተርፋል?"

"አላውቅም።"

ክንፉ ገላመጠኝ። ደስ የሚል ነገር እንድለው ፈልጓል። የማላውቀውን አላውቅም አልኩ።

ጉሙን ወደ ላይ ትተን ወረድን። ሐይቆቹ ታዩ። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፣ ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፤ ከጉልበቴ በታች፣ መጀመሪያ በታሰረችው ቦታ ላይ፣ ቃጫው ድንገት ጠበቀ። ተነፈስኩ። ሁለተኛዋን ጠበቅኩ፤ ባቴ ላይ ያለችውን። እስከ ጠመዝማዛው መጨረሻ ጠበቅኩ፤ አልመጣችም። ነገ ትመጣ ይሆናል።

ዘመድኩን ፊቴን እያየኝ ነበር።

"ያንተ ግን ተፈታ? ሲፈታልህ አይቻለሁ።"

"ሙሉ በሙሉ አልተፈታም" አልኩት። "ያንተ ተፈትቷል። ክንድህን አታንጠልጥል፤ ወደ ላይም አትስቀለው። ከልብህ ትይዩ ያዘው፤ እስክንደርስ እንዳታወርደው።"

ክንዱን ከልቡ ትይዩ አደረገ። እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ ከሥሩ በመዳፌ ደግፌ ያዝኩለት።